ራስል ወይስ ቻምበርሌይን?

ጥያቄ፦ በአሜሪካውያኑ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በቢል ራስልና በዊልት ቻምበርሌይን የተነሣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራክረን አናባራም። እሱ የቻምበርሌይንን የነጥብ ክብረ ወሰን ይደረድርብኛል፤ እኔ የራስልን ዋንጫዎች እቆጥርለታለሁ። ለመሆኑ ማን ይበልጣል? ተኳርፈው ኖሩ የሚባለውስ እውነት ነው? አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወንድምዎ የሚተማመንበት ቁጥር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቻምበርሌይን እ.ኤ.አ. በማርች 2 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ኒክስ ላይ ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጥሯል፤ የዚያ የውድድር ዘመን አማካይ ውጤቱም በጨዋታ 50.4 ነጥብ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የዓመቱ ኮከብ ያሉት ራስልን ነው። ሁለቱንም በየጊዜው ፊት ለፊት የገጠሙ ሰዎች ምስክርነት ስለሆነ፣ እኔም ከየትኛውም የቁጥር ሠንጠረዥ አብልጬ የማምነው ይህንን ነው።

የራስል ሥራ ዋናው ክፍል በወረቀት አልሰፈረም። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ተከላካይ ያከሸፋቸውን ሙከራዎች፣ ማለትም ብሎክን፣ መመዝገብ የጀመረው በ1973/74 የውድድር ዘመን ነው፤ ራስል ደግሞ ጫማውን የሰቀለው በ1969 ነበር። የቆዩ ምስሎችን ቢመለከቱ፣ ራስል ወደ ቅርጫት የተወረወረን ኳስ በኃይል መትቶ ወደ ተመልካች አይሰድም፤ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ከሜዳ ሳይወጣ ለቡድን ጓደኛው ያደርሰዋል፤ ተጋጣሚው ዞር ሳይል የቡድኑ የቦስተን ሴልቲክስ መልሶ ማጥቃት ተጀምሯል። በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ የተገኘው በእንዲህ ያለ ጨዋታ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያነሣውም ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ነው። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ እርስዎ ያደላል።

ሆኖም ቻምበርሌይንን ለራሱ ብቻ የተጫወተ ሰው ማለት በደል ነው። በጥሎ ማለፉ ስምንት ጊዜ ተገናኝተው ሰባቱን ራስል ቢረታም፣ በ1967 ቻምበርሌይን ነጥብ ማስቆጠሩን ቀንሶ ኳስ ማቀበሉን በማብዛት ከቡድኑ ከፊላደልፊያ ጋር ሆኖ ሴልቲክስን በጨዋታዎች ብዛት 4 ለ 1 አሰናብቶ ዋንጫውን ወስዷል። በ1964 ከቅርጫቱ ሥር ያለው ክልል ከ12 ወደ 16 ጫማ እንዲሰፋ ያስገደደውም የእሱ ጉልበት ነው።

ኩርፊያው እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የቅርብ ወዳጆች ነበሩ፤ ራስል በምስጋና ቀን በቻምበርሌይን እናት ቤት ማዕድ ይቀርብ ነበር። በ1969 የፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ቻምበርሌይን ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ልመለስ ብሎ ቢጠይቅም አሰልጣኙ ከለከለው፤ የወቅቱ ቡድኑ ሌከርስም በራስል ሴልቲክስ 108 ለ 106 ተሸነፈ። ራስል የቻምበርሌይንን ጨዋታውን ጥሎ መውጣት በአደባባይ ነቀፈ፤ በዚህም ከ20 ዓመት በላይ ተራራቁ። ይቅርታ የጠየቀው ራሱ ራስል ነው፤ ታርቀውም ቻምበርሌይን በ1999 ሲሞት በመታሰቢያ ሥርዓቱ ላይ ቆመው ስለ እሱ ከተናገሩት መካከል አንዱ ሆኗል።