ለወራሽነት ጠበቃ ያስፈልጋል ወይ ላልከው ወንድሜ

ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አባታችሁ ካረፉ ሦስት ወር ሆኗል ብለሃል። አዲስ አበባ ያለው ቤት ካርታ በስማቸው ነው። ኑዛዜ ትተዋል። አራት ልጆች ናችሁ፣ አንዷ እህትህ ዱባይ ናት፣ እናታችሁም አሉ። ጥያቄህ «ጠበቃ እንያዝ ወይስ ራሳችን እንጨርሰው?» ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «ቀላል ነው፣ ለጠበቃ ብር አታውጡ» ብለውሃል። እኔንም በ2011 ልክ እንደዚህ ነበር የመከሩኝ። ሰምቻቸው ቤት አጣሁ። ስለዚህ ረዘም ቢልም ታግሰህ አንብበው።

መጀመሪያ እውነቱን ልንገርህ። ኑዛዜ ባይኖር፣ ልጆቹ ሁሉ የሚተዋወቁና የተስማሙ ቢሆኑ፣ የሚከራከር ባይመጣ፣ ራሳችሁ ትጨርሱት ነበር። እናንተ ግን ኑዛዜ አላችሁ። ኑዛዜ ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

1. ወረቀት ከመሰብሰብ ጀምር። የሞት የምስክር ወረቀት ከወረዳ፣ የአራታችሁም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናትህ የጋብቻ ማስረጃ፣ የካርታው ኮፒ። ስሙን በየወረቀቱ ፊደል በፊደል አመሳክር። የአባቴ አያት ስም ካርታው ላይ አንድ ዓይነት፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ነበር። ወረዳው ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «አይሆንም፣ አስተካክለሽ ነይ» አለችኝ። የት እንደሚስተካከል ስጠይቃት ስልኳን አነሳች። አራት ቀን ተመላለስኩ። ጥቁር ለብሼ፣ ዓይኔ አብጦ። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ነው»። በመጨረሻ የረዱኝ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ናቸው፤ የትኛው ቢሮ እንደምሄድ እጄን ይዘው አሳዩኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

2. የወራሽነት ምስክር ወረቀት ከከተማው ፍርድ ቤት ስታወጣ «ቤቱ የእኛ ሆነ» ብለህ እንዳትተኛ። ያ ወረቀት ማን ወራሽ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ንብረቱን አይከፋፍልም። የሟች ንብረት ምን ያህል ነው፣ ዕዳ አለ ወይ፣ ለማን ምን ይደርሳል የሚለው የውርስ ማጣራት ነው። እናትህን ደግሞ አደራ። በሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይህን ሲሰሙ ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። ግን ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ቀድሞውንም የራሳቸው ነው፣ ካርታው በአባትህ ስም ብቻ ቢሆንም። ለውርስ የሚቀርበው የአባትህ ግማሽ ነው። ኑዛዜ ባይኖር ያ ግማሽ ለአራት ይካፈላል፣ ለእያንዳንዳችሁ ከቤቱ አንድ ስምንተኛ። ሌላ ቦታ የተወለደ ልጅ ካለ እሱም እኩል ወራሽ ነው። «ማንም አያውቀውም» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ በኋላ መጥቶ ምስክር ወረቀቱን ያሰርዘዋል።

3. የዱባይዋ እህትህ ውክልና በቆንስላ ትላክ፣ እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። «ጠቅላላ ውክልና» ብላ እንዳትልክ። ፍርድ ቤት መከራከር፣ መታረቅ፣ ንብረት መከፋፈል፣ ቤት መሸጥ፣ እያንዳንዱ በስሙ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ለመሸጥ አይሆንም።

4. ኑዛዜው። እዚህ ላይ ነው የእኔ ቁስል።

እኔ ለአባቴ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነኝ። እናቴ ቀድማ አርፋለች። አባቴ ስኳርና ኩላሊት ይዞት ዘጠኝ ዓመት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሥራዬን ትቼ ነው። ወንድሞቼ ይመጡ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ሌሊት የሚነሳው ማን እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። አባቴ የእድሩን ዳኛና ሦስት ጎረቤቶች ጠርቶ ኑዛዜ አደረገ። ቤቱን ለእኔ፣ ባንክ ያለውን ብር ለሁለቱ ወንድሞቼ። አንድ ራፖር ጸሐፊ (ለሰው ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር) ጻፈው፣ አባቴ ፈረመ፣ አራቱም ምስክሮች ፈረሙ። ጮክ ብሎ ሲነበብ እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ በአርባው ቀን ኑዛዜው ለሁላችን ተነበበ። ታላቅ ወንድሜ ዝም አለ። እኔ ያው የሰማሁትን ምክር ይዤ፣ ለራፖር ጸሐፊ 300 ብር ከፍዬ አቤቱታ አጻፍኩና ኑዛዜውን ፍርድ ቤት አቀረብኩ። ጸደቀልኝ። በደስታ እናቴ መቃብር ሄጄ ሻማ አበራሁ።

ከስምንት ወር በኋላ መጥሪያ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ጠበቃ ይዞ መቃወሚያ አቅርቧል። ጠበቃው ስለ አባቴ ሐሳብ አንድም ቃል አልተናገረም። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ በራሱ በኑዛዜው ላይ አልተገለጸም» አለ፣ ጨረሰ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 የሚለው እንደዚያ ነው። መነበቡ ብቻ አይበቃም፣ መነበቡ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። የእድሩ ዳኛ ቀርበው «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ተነቧል» ብለው መሰከሩ። አልጠቀመኝም። አንድ መስመር ናት የጎደለችው። «በተናዛዡና በአራታችንም ፊት ተነቦ ፈርመናል» የምትል አንዲት መስመር።

ይህ የራፖር ጸሐፊው ጥፋት ነው። ሁለተኛው ግን የራሴ ነው፣ ለአንተ የምጽፈውም ስለሱ ነው። መጥሪያው ሲመጣ መልሱን ያለ ጠበቃ ሰጠሁ። ሦስት ገጽ አጻፍኩ። ስንት ሌሊት እንደተነሳሁ፣ ለስንት ዳያሊሲስ እንደከፈልኩ፣ ወንድሜ በዓመት ስንት ጊዜ እንደመጣ። አልቅሼ ነው ያጻፍኩት። ሕጉ የሚፈልገው ግን ሌላ ነበር። አንቀጽ 973 ኑዛዜው ሲነበብ የነበረ ሰው ተቃውሞ ካለው በ15 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይላል። ወንድሜ በአርባው ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ሰምቶ ስምንት ወር ቆይቷል። ይህን በመጀመሪያው መልሴ ላይ እንደ መቃወሚያ ማንሳት ነበረብኝ። ያዋጣኝ ነበር ወይ? ክርክር አለበት። ግን ጭራሽ አላነሳሁትም። ዳኛ ደግሞ ይርጋን፣ ማለትም የጊዜ ገደብ ማለፉን፣ በራሱ አያነሳልህም፣ ተከራካሪው በጊዜው ካላነሳው ያልፋል። በመጨረሻ የያዝኩት ጠበቃ መዝገቡን አገላብጦ «ይህን መልስ ከመስጠትሽ በፊት ለምን አልመጣሽም?» አለኝ። ምን ልበለው? ለእሱ የምከፍለውን ለመቆጠብ ነበር።

መሐል ላይ ኮሮና መጥቶ ችሎት በከፊል ተዘጋ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። በ2014 አለቀ። ኑዛዜው ፈረሰ። ኑዛዜው ቢጸና ኖሮ የአባቴ ግማሽ፣ ከእናቴ ግማሽ ደግሞ የእኔ ሢሶ፣ ተደምሮ ከቤቱ ሦስት እጅ ሁለቱ የእኔ ይሆን ነበር። የወንድሞቼን ድርሻ ተበድሬ እገዛና እኖርበት ነበር። አሁን የደረሰኝ አንድ ሦስተኛ ነው። ቤቱ ስለማይከፈል በሐራጅ ተሸጠ። ዛሬ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ታላቅ ወንድሜን በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ፣ በሌላው ወንድሜ ቤት አገኘዋለሁ። ሰላም እንባባላለን።

ስለዚህ አንድ ጠበቃ ጋር ሂዱ፣ መዝገብ ሳትከፍቱ። ሙሉ ጉዳዩን እንዲይዝ መዋዋል የለባችሁም። ለምክር ብቻ ከፍላችሁ ኑዛዜውን አስነብቡት። የጥብቅና ፈቃዱን አሳየኝ በለው፣ አትፈር። ፍርድ ቤት በር ላይ «እኔ ዳኛውን አውቃቸዋለሁ» እያለ የሚቀርብህን ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አትስማ። ጠበቃው ኑዛዜው ንጹሕ ነው ካለ፣ አራታችሁም ከተስማማችሁ፣ ቀሪውን ራሳችሁ አስኪዱት። ከአራታችሁ አንዱ ዝም ካለ ግን፣ የታላቅ ወንድሜ ዓይነት ዝምታ ከሆነ፣ ጠበቃውን አሁኑኑ ያዙ። መጥሪያ ከመጣም መልስ ሳትጽፉ በፊት።

ኑዛዜውን አባትህ ራሳቸው በእጃቸው ይጻፉት ወይ ሰው ይጻፍላቸው አልነገርከንም። ሁለቱ ይለያያሉ። ዛሬ ማታ አውጥተህ እይው። ሰው የጻፈላቸው ከሆነ ቀኑን፣ የአራቱን ምስክሮች ፊርማና «በተናዛዡና በምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚለውን ቃል ፈልግ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ግዴታ የተገኘ የፍርድ ቤት ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ራሳቸው ከጻፉት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእጅ ጽሑፋቸው መሆን አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን ይናገር፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። የተጻፈበትንም ዓመት ቁጠር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስሞቹን ሸፍነህ። ነገ ከሥራ መልስ ገብቼ አነበዋለሁ።