ከምኑ ነው የተረፉት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ለንደን ነው። በብሬግዚት ሰሞን፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትሟገት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ቴሬዛ ሜይን ከፓርቲ መሪነት ለማውረድ የራሷ ሰዎች ድምፅ የሰጡ ዕለት ማታ፣ ከእናቴ ጋር ቴሌቪዥን እያየን ነበር። ውጤቱ ሲነገር «ከመተማመኛ ድምፅ ተረፈች» ብዬ ተረጎምኩላት። እናቴ «እሰይ፣ ድምፅ መስጠቱ ቀረ ማለት ነው?» አለች። «ኧረ ሰጥተዋል» ብላት «ታዲያ ከምኑ ነው የተረፈችው?» ብላ አፋጠጠችኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። እርስዎም ብዙ አልሳቱም፤ ያሳሳተችዎ አንዲት ፊደል ነች። ወደ እሷ እመጣለሁ።

«ከእሳት ተረፈ»፣ «ከጎርፍ ተረፈ» ስንል ሰውየው እሳቱ መሀል ገብቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ሳይደርስበትም ሊሆን ይችላል። እሳትና ጎርፍ በራሳቸው ገዳይ ስለሆኑ «ተረፈ» ሁለቱንም ይሸከማል። ነገሩ ሰዎች ቀጠሮ ይዘው የሚያደርጉት ሲሆን ግን ትርጉሙ ይጠባል። «ዛሬ ከስብሰባ ተረፍኩ» ያለ ሰው ስብሰባው ላይ አልተቀመጠም። «ጎረቤታችን ከኦፕራሲዮን ተረፈ» ከተባለ መድኃኒቱ ሠራለት፣ ምላጭ አልነካውም ማለት ነው። ገብቶ ከወጣማ «ኦፕራሲዮኑ ተሳካለት» ወይም «በሰላም ወጣ» እንላለን። እንግሊዝኛው ተከፍቶ ተሰፍቶ የወጣውንም ሰው፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ወንበሩ ላይ የቀረውንም ሰው በአንድ ግስ፣ «ሰርቫይቭ» ብሎ፣ ይጠራል። እኛ ያንን ግስ «ተረፈ» ብለን፣ «ከ»ን ከፊቱ ስንለጥፍበት እናትዎ የሰሙት ትርጉም ይመጣል።

የሚገርመው፣ እናትዎ የሰሙት ትርጉም በዚያው ሳምንት በእውነት ደርሷል። ሜይ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የደረሱበት የመውጫ ስምምነት ማክሰኞ ታኅሣሥ 2 ቀን 2011 ለፓርላማው ድምፅ ሊቀርብ ነበር። ሰኞ ዕለት ድምፅ መስጠቱን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት። ምክንያቱን ራሳቸው ተናግረዋል፤ በሰፊ ልዩነት እንደሚወድቅ አውቀው ነው። ስለ ሰኞው «ሜይ ከድምፅ ተረፉ» ቢባል እሰየው ነበር። ቁርጥ ያለ አማርኛ ነው።

ረቡዕ ታኅሣሥ 3 የሆነው ግን ሌላ ነው። ያኔ በነበረው የሜይ ፓርቲ፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደንብ፣ ከፓርቲው የምክር ቤት አባላት 15 በመቶው በመሪው ላይ እምነት እንደሌላቸው በደብዳቤ ካሳወቁ ድምፅ ይሰጥ ነበር። 48 ደብዳቤ ይበቃ ነበር። የሚቀበሉት፣ የፓርቲው ተራ የምክር ቤት አባላት ስብስብ የሆነው የ1922 ኮሚቴ ሊቀመንበር ግራሃም ብሬዲ ነበሩ። (1922 የእነሱ ዘመን ነው፤ የእኛን ይዞ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የሚሄድ አንባቢ እንዳይኖር።) ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ድምፅ ተሰጠ፣ 3 ሰዓት ላይ ብሬዲ ውጤቱን አነበቡ፤ 200 ለሜይ፣ 117 በተቃውሞ። ድምፁ ቀርቶ አልተረፉም። ድምፁ ነው ያተረፋቸው።

እንግዲህ ፊደሏ ይቺ ነች። «ከድምፅ» የነበረው «በድምፅ» ይሁን። «በድምፅ ተረፈች» ብለዋቸው ቢሆን እናትዎ ያን ጥያቄ የሚጠይቁ አይመስለኝም። «ከ»ን ካልተውኩ ካሉ ደግሞ እውነተኛውን አደጋ ያስከትሉበት፤ «ከመውረድ ተረፈች»። አደጋው ከወንበር መውረዱ ነው እንጂ ድምፁ አይደለም።

ሌሎቹ ግሶችስ? «አለፉ» የሚሉ አሉ። «ፈተናውን አለፉ» ሲሆን ደህና ነው። አርእስት ለማሳጠር «ቴሬዛ ሜይ አለፉ» ብሎ የሚጽፍ ግን ነጠላ አዘቅዝቀን ለቅሶ እንድንደርስ ያደርገናል። «አመለጡ» ትንሽ የሌብነት ሽታ አለው። «አሸነፉ» ቁጥሩን ካየን ውሸት አይደለም፤ ግን ማንን? ያን ማታ ተፎካካሪ አልቀረበባቸውም። ጥያቄው ይቀጥሉ አይቀጥሉ የሚል ብቻ ነበር። ቢሸነፉ ነው ውድድር የሚከፈተው፣ እሳቸውም በዚያ ውድድር መግባት አይችሉም ነበር። ስለዚህ «ተቀናቃኛቸውን ረቱ» የሚለው ከዜና ይልቅ ለቀረርቶ ይሆናል።

እኔ ለዜና የምመርጠው ድምፅ ራሱ የለመዳቸውን ግሶች ነው። ድምፅ በአማርኛ ይሰጣል፣ ይነፈጋል፣ ይገኛል፣ ይታጣል። «ሜይ የፓርቲያቸውን የመተማመኛ ድምፅ አገኙ፤ 117 አባላት ግን ነፈጓቸው» ሲባል ነገሩ ሁሉ አለ። «ነፈገ» በተለይ ይጥመኛል። ሊሰጥ ይገባ የነበረን ነገር መከልከል ነው፤ የቤት ሰው ነው የሚነፍግ። የነፈጓቸውም የገዛ ወገኖቻቸው ናቸው።

«የመተማመኛ ድምፅ» የሚለው ራሱ ያደናግራል፣ ምክንያቱም የፓርቲውም የፓርላማውም በዚሁ ስም ይጠራል። ያ የተላለፈው ስምምነት ጥር 7 ቀን ቀርቦ 432 ለ202 ወደቀ። በማግሥቱ ተቃዋሚው ጀረሚ ኮርቢን በመንግሥቱ ላይ ድምፅ አሰጡ፤ 325 ለ306፣ ሜይ እንደገና ቆዩ። ሁለቱም ዜና «የመተማመኛ ድምፅ» ነው የሚባል። የታኅሣሡ ቢሸነፉ የፓርቲ መሪነታቸውን ይወስድ ነበር፣ የጥር ወሩ ደግሞ መንግሥቱን ሊወስድ ይችል ነበር። ስለዚህ «በፓርቲያቸው» ወይም «በፓርላማው» የምትል ቃል መጨመር ግዴታ ነው። «ለጥቂት ተረፉ» ማለትም ለጥር ወሩ ድምፅ ነው የሚቀርበው፤ ልዩነቱ 19 ነበርና። በታኅሣሡ 83 ድምፅ ነው፣ 83 «ለጥቂት» አይባልም። አርእስት ጸሐፊዎች ይህችን «ለጥቂት» እንደ ጨው ይነሰንሷታል።

ሌላ የምትቆረቁረኝ «አባላቱ ደብዳቤ አስገቡ» የምትለዋ ነች። ቢሮ የሠራ ሰው «ደብዳቤ አስገባ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት የሥራ መልቀቂያ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ሳነብ፣ 48 ሰው በአንድ ቀን ሥራ የለቀቀ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። «እምነት እንደሌላቸው በደብዳቤ አሳወቁ» ቢባል ምን ይጎዳል?

«ተረፈች» ማለትዎን ግን አልነቅፍም። ቤት ውስጥ፣ ከእናት ጋር፣ ስለ ባዕድ አገር ሹም እንደዚህ ነው የምናወራው። ጋዜጣ ላይ ሲሆን «ጠቅላይ ሚኒስትሯ ተረፉ» ይሆናል። እዚህ ግሱ ሹሟን አክብሮ ሴትነቷን ይደብቃል፤ የሚያወጣው «ሚኒስትሯ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ሯ» ብቻ ነች። እሷን «ሩ» ካደረጓት ማርጋሬት ታቸርም ቦሪስ ጆንሰንም አንድ ይሆናሉ።

እናትዎ ጨዋታውን ከቀጠሉ የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ መቼ ወረደች?» ነው። ግንቦት 16 ቀን 2011 ከመኖሪያቸው በር ላይ ቆመው፣ መጨረሻ ላይ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ የፓርቲ መሪነቱን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሐምሌ 17 ቀን ጆንሰን ተኳቸው። እዚህ ላይ «ወረደች» ይበሏቸው ወይስ «ለቀቀች»? «ለቀቀች» የራስ ፈቃድ ነው፣ «አወረዷት» የሌላ ሰው እጅ አለበት። «ወረደች» ግን ማን እንደገፋ አይናገርም። እኔ «ወረደች» እል ነበር።