ኡቡንቱ ስቱዲዮ ወይስ ሊኑክስ ሚንት? የሚወስነው ቀረጻው ነው

ሰላም ወንድም። ጥያቄህ «8 ጂቢ ራም ባለው ላፕቶፕ መዝሙር እቀዳለሁ፣ ፖስተር እሠራለሁ፣ ለዩቲዩብ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ኡቡንቱ ስቱዲዮ ይሻለኛል ወይስ ሊኑክስ ሚንት ይበቃኛል?» የሚል ነው። ሁለቱም የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች ናቸው፤ ስቱዲዮ ለድምፅ፣ ለግራፊክስና ለቪዲዮ ሥራ የተዘጋጀ የኡቡንቱ እትም ነው፣ ሚንት ደግሞ ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም። ፖስተሩንና ቪዲዮውን ለጊዜው ተዋቸው፤ ምርጫውን የሚወስነው ቀረጻው ነው።

ለሥዕልና ለፖስተር ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕና ክሪታ፣ ለቪዲዮ ኬደንላይቭ፣ ለ3ዲ ብሌንደር፣ ለድምፅ ቀረጻ አርዶር በሁለቱም ላይ ይጫናሉ፤ ስቱዲዮ ላይ ስለሆኑ አይፈጥኑም። ስቱዲዮ የሚጨምርልህ ፕሮግራሞቹን አስቀድሞ ጭኖ መምጣቱንና ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) የድምፅ ሥርዓቱም ለሎው ሌተንሲ ተስተካክለው መቅረባቸውን ነው፤ ማለትም ድምፅ ከማይክ ገብቶ በሄድፎን እስኪወጣ ያለው መዘግየት ያንሳል።

ይህ መዘግየት የሚያስቸግረው ዘማሪው ወይም ሙዚቀኛው የራሱን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል አልፎ ሲሰማ ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የባፈሩን መጠን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) ለሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ ለሚወሰደው ናሙና ብዛት) ማካፈል። በ48000 ኸርዝ 1024 ባፈር 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ መግቢያውና መውጫው ሲደመር ዘማሪውን ከምቱ ያስወጣዋል። 256 ወደ 5.3፣ 128 ወደ 2.7 ያወርደዋል። ባፈሩ ባነሰ ቁጥር ግን ፕሮሰሰሩ በሰዓቱ መድረስ ያቅተውና ቀረጻው ውስጥ ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ ይገባል። አርዶር ኤክስራን እያለ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳውንድ ካርድህን እይ። ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ማብሪያ ካለው ዘማሪው ድምፁን ከካርዱ በቀጥታ ይሰማል፣ ኮምፒውተሩ አይገባበትም። ያኔ ባፈሩን 1024 ላይ ትተህ በሚንት ያለ ችግር ትቀዳለህ። ከሌለው፣ ወይም ኪቦርድና ጊታር በሶፍትዌር ኢፌክት እያለፉ መሰማት ካለባቸው፣ የስቱዲዮው ማስተካከያ ያስፈልግሃል።

ያንን ማስተካከያ ግን ሚንት ላይም በእጅህ መሥራት ትችላለህ። ጃክዲ2 የሚባለውን የድምፅ ሥርዓት ስትጭን የሪልታይም ቅድሚያ (ድምፁ ከሌላ ሥራ እንዲቀድም) ይሰጠው እንደሆነ ይጠይቅሃል፤ አዎ በል። ከዚያ የራስህን ተጠቃሚ ኦዲዮ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገባና ሎግ አውት አድርገህ ተመለስ። ብዙ ሰው ይህችን መጨረሻዋን ይዘልና «አልሠራም» ይላል። የኃይል አጠቃቀሙን ፐርፎርማንስ ላይ አድርግ፣ በግራብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የማስነሻ መስመር ላይ preempt=full ጨምር፣ ግራብን አድሰህ ሪስታርት አድርግ። ስትቀዳ ዋይፋዩን አጥፋ፤ ሳውንድ ካርዱን በዩኤስቢ ሃብ ሳይሆን በቀጥታ ሰካው። ብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ እንዲያውም ለብዙ ሰው የሚሻለው እሱ ይመስለኛል፦ መደበኛውን ኡቡንቱ ጭነህ በላዩ ኡቡንቱ ስቱዲዮ ኢንስቶለር የሚባለውን ፓኬጅ መጨመር። ድምፅ፣ ግራፊክስ፣ ቪዲዮ፣ ፎቶ፣ ኅትመት እያለ ይዘረዝርልሃል፤ የምትፈልገውን ብቻ ትመርጣለህ። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው መደበኛው ኡቡንቱ 5 ዓመት ዝመና ሲያገኝ፣ ስቱዲዮ የሚያገኘው 3 ዓመት ነው። ይህ ኢንስቶለር የተሠራው ለኡቡንቱና ለቤተሰቦቹ ስለሆነ ሚንት ላይ አልመክርህም። በሞባይል ዳታ የምታወርድ ከሆነም አስብበት፤ ሚንት 3 ጂቢ ገደማ ነው፣ ስቱዲዮ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፣ ለማትከፍታቸው ፕሮግራሞችም ዝመና ታወርዳለህ።

ቪዲዮው ላይ ሎው ሌተንሲ ሬንደሩን (ያለቀውን ቪዲዮ አስልቶ ማውጣቱን) አያፈጥነውም። በ8 ጂቢ ራም የሚረዳህ ኬደንላይቭ ውስጥ ፕሮክሲ ክሊፕ ማብራት ነው፤ በትንሽ ቅጂ ትቆርጣለህ፣ ሲወጣ ግን ዋናው ፋይል ይገባል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለህ የኩባንያውን ድራይቨር ጫን፤ ያለሱ ብሌንደር በካርዱ ሬንደር አያደርግም። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ድራይቨር እንዳይነሳ የሚከለክለው የኮምፒውተሩ ጥበቃ) ከበራ ጭነቱ ፓስወርድ ያስመርጥሃል፣ ሲነሳም በሰማያዊ ገጽ ላይ መልሶ ይጠይቅሃል፤ ያንን ገጽ ካለፍከው ድራይቨሩ አይነሳም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲተር ካሰብክ ደግሞ ነፃው እትም ሊኑክስ ላይ ኤች 264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት አይከፍትም። የስልክ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በእሱ ስለሚቀረጽ መጀመሪያ መቀየር ይኖርብሃል።

ፖስተሩ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ከሆነ የመጨረሻውን ፒዲኤፍ በሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም አቀማመጥ) ከስክራይበስ፣ ከኅትመት ገጽ ማዘጋጃው ፕሮግራም፣ አውጣው፤ ጊምፕ በዋናነት የሚሠራው በአርጂቢ (የስክሪን ቀለም አቀማመጥ) ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ፎንቶች፣ ለመተየቢያ አይባስ የሚባለውን ፕሮግራም ከኤም17ኤን (የአማርኛ ኪቦርድ ከያዘው ጥቅል) ጋር ጫን።

ከመጫንህ በፊት ፍላሽ ላይ አድርገህ በላይቭ (ሳይጫን ከፍላሹ) አስነሳውና ሳውንድ ካርዱን ሰክተህ ግቤቱ ዝርዝር ውስጥ መውጣቱን እይ። በሚንት ካልወጣ በስቱዲዮም ይወጣል ብለህ አትጠብቅ፤ የሁለቱም ድራይቨር ከሊኑክስ ከርነል ነው የሚመጣው። ያኔ የሚቀየረው ካርዱ ነው።