ሆኪን ሥራዬ ብላችሁ ለያዛችሁ ልጆች

እኔ ተጫዋች ሆኜ አላውቅም። ካናዳ ውስጥ በበረዶ ላይ ሆኪ ቡድኖች ጓዳ ያረጀሁ የዕቃ ሰው ነኝ። የበረዶ ጫማ ብረት እስላለሁ፣ የተሰበረ መከላከያ እጠግናለሁ፣ ማሊያ አጥባለሁ። አሁን አሁን የሀበሻ ልጆች በኳስ ፈንታ ሆኪ ይዘው እየመጡ «ጋሼ፣ ፕሮፌሽናል መሆን እፈልጋለሁ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ ግን ጥቂት ነገር ሳልናገር ዝም ብል ደግ አይደለም።

ሒሳቡን ታውቁታላችሁ። ኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ 32 ቡድን አለው፤ በየዓመቱ በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖቹ በተራ ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የሚመረጡት 224 ልጆች ናቸው። የምትፎካከሩት ከሰፈራችሁ ልጅ ጋር ብቻ አይደለም፤ ስዊድኑም፣ ፊንላንዱም፣ ሩሲያውም፣ አሜሪካኑም እዚያው ወረፋ ውስጥ አለ። ተመርጦ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት የሚቀረው ስንቱ ነው! በሌላ በኩል ማርቲን ሴንት ሉዊን ማንም አልመረጠውም፣ ቁመቱ አጭር ነበር፤ በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ስለዚህ በ18 ዓመታችሁ ስማችሁ ተጠራም አልተጠራም ብዙ አትሸበሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህ ሙያ ነገ የት እንደምታድሩ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ውላችሁ ባለሁለት ደረጃ ከሆነ ላይ ኤንኤችኤል ስትጫወቱ የላይኛውን፣ ወደ ታችኛው ሊግ ስትወርዱ የታችኛውን ደመወዝ ትበላላችሁ፤ ልዩነቱ ደግሞ የሰማይና የምድር ነው። በ2025 የውድድር ዓመት የኤንኤችኤል ዝቅተኛው ደመወዝ 775,000 ዶላር ነበር፤ ታች ያለው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ዌይቨርስ የሚሉትም ነገር አለ። ቡድኑ ሊያወርዳችሁ ሲል ስማችሁን ያወጣል፣ ሌላ ቡድን በ24 ሰዓት ውስጥ ከፈለጋችሁ አለቀ፣ ሻንጣ ይዞ መሄድ ነው። ሚስት አረገዘች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኪራይ ተከፈለ፣ ማንም አይጠይቃችሁም።

አንድ ልጅ አይረሳኝም። ጠዋት ወደ ታች ተባለ፤ ሻንጣውን ሊወስድ መጣና «ከመሄዴ በፊት ጫማዬን ሳልልኝ» አለኝ። የበረዶ ጫማ ብረት ከሥሩ ጠፍጣፋ አይደለም፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ግራና ቀኙ ሁለት ስለት አለው። ጉድጓዱ ሲጠልቅ በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሲሳሳ ይንሸራተታል፣ መዞሪያው ላይ ግን ያስቸግራል። ስዬ ስጨርስ ልጁ ጥፍሩን ስለቱ ላይ አሳለፈና «ግራው ትንሽ ዝቅ ብሏል» አለኝ። ሳንቲም ሁለቱ ስለቶች ላይ አጋድሜ አየሁት፣ እውነቱን ነው! እንደዚያ ባለ ቀን ይህን ያየ ልጅ ሆኪውን ይወደዋል አልኩ በልቤ። ዝናውን ብቻ የሚወድ ልጅ ያን ቀን ጫማውን አያስታውስም።

ዊሊ ኦሪን ታውቁት ይሆናል። ጥር 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ገብቶ የኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በኤንኤችኤል የተጫወተው 45 ጨዋታ ብቻ ነው። የቀረውን ዕድሜውን በታችኞቹ ሊጎች ተጫወተ፣ 40 ካለፈ በኋላም ጫማውን አልሰቀለም። ከተመልካቹም ከተጋጣሚውም ስንት ስድብ ጠጥቷል፤ እናንተም ትሰማላችሁ፣ ሲደርስባችሁ ለአሰልጣኝ ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትያዙት። በአንድ ነገር ግን ሰውየውን አትምሰሉት፦ ቀኝ ዓይኑ እንደማያይ ደብቆ ነው የተጫወተ። ያ ዘመን ያ ነበር። ዛሬ ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ ብርሃን ከከበዳችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ የቡድኑን ሐኪም ሳትነግሩ ወደ ሜዳ እንዳትመለሱ። አንጎል መለዋወጫ የለውም።

ወላጆች ትምህርቱን ስለሚፈሩ አንድ ደህና ወሬ ልንገራችሁ። ድሮ በካናዳ ሜጀር ጁኒየር፣ በወጣቶቹ ከፍተኛ ሊግ፣ የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ ይዘጋበት ነበር፤ በ16 ዓመቱ አንዱን ምረጥ ይባላል፣ ይህን የሚያህል ውሳኔ ለሕፃን! ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ያ ተነሥቷል። ሜጀር ጁኒየሮቹ ራሳቸውም ለተጫወታችሁበት ወቅት የትምህርት ክፍያ ይሰጣሉ፣ ግን የጊዜ ገደብና ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ስለዚህ ወኪሉ «ፈርም» ሲል እናትና አባት ውሉን ቤት ወስደው፣ እንግሊዝኛው ከከበዳቸውም ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብለው ያንብቡት። የሚያስቸኩል ወኪል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ደግሞ ሆኪ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ዱላና የትከሻ መከላከያ ያገለገለ ግዙ፣ ምንም አይላችሁም። ጫማው ግን እግር ላይ ልክ ይሁን፤ «ያድጋል» ብላችሁ ሁለት ቁጥር ያለፈ አትግዙለት፣ ልጁ ቁርጭምጭሚቱን ሲያጥፍ ነው የሚውለው። የራስ ቁር አሮጌ አይገዛም።

ጫማ ለማሳል የምትመጡ ካላችሁ ረቡዕ ኑ። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ አይጣል ነው።