ዝገቱን ከማወፈርሽ በፊት

ጥያቄሽን አየሁት። በብርሃን ውሃ ለመሰንጠቅ ብለሽ ኤፍቲኦ መስታወት (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቲን ኦክሳይድ የተቀባ) ላይ ሄማታይት ቀብተሽ፣ ሶላር ሲሙሌተር (የፀሐይን ብርሃን የሚመስል መብራት) ስር ስታስገቢው ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ ሰጠሽ። ሽፋኑን ስታወፍሪው ጭራሽ ወረደ። አይዞሽ፣ እኔም ማስተርሴን ስሠራ እዚሁ ላይ አራት ወር ፈጅቻለሁ። ብርሃን በደንብ እንዲውጥ ብዬ ጡብ እስኪመስል ደራረብኩት።

ሄማታይት እንግዲህ ዝገት ነው። ርካሽ ነው፣ አልካላይ ውስጥ አይበላም። ባንድ ጋፑ (ኤሌክትሮን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ትንሹ ጉልበት) 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ የሚታየውን ብርሃን ይይዛል። ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ከአልትራቫዮሌት ውጪ እምብዛም አይጠቀምም። በስሌት ከሄማታይት በካሬ ሴንቲሜትር 12.6 ሚሊአምፔር ገደማ ይጠበቃል። ጣጣው ሆሉ ነው፤ ብርሃን ኤሌክትሮን ሲያስነሳ የሚቀረው ፖዘቲቭ ክፍተት ማለት ነው፣ ውሃው ጋ ደርሶ ኦክስጅን የሚያወጣው እሱ ነው። ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ተጉዞ ይጠፋል። ብርሃኑን ለመዋጥ ደግሞ ከመቶ ናኖሜትር በላይ ያስፈልጋል። ስታወፍሪው የጨመርሽው ሆሉ ውሃው ጋ ሳይደርስ የሚቀርበትን መንገድ ነው።

አሁን ሌላ ነገር ከመቀባትሽ በፊት ጥፋቱ የት እንደሆነ እወቂ። 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድሽ ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 0.5 ሞላር እንዲሆን ጨምረሽ ድጋሚ ለኪ። ፐርኦክሳይድ ሆሉን ከውሃ ይልቅ በቀላሉ ይቀበላል። ከረንቱ ዘሎ ከወጣ፣ ሆሉ ገጹ ድረስ እየመጣ ውሃው ነው የሚያዘገየው። ኮባልት ፎስፌት ወይም የኒኬልና ብረት ካታሊስት (ምላሹን የሚያፋጥን ቅብ) ያኔ ይጠቅምሻል። ካልተነሳ ጥፋቱ ውስጡ ነው፤ ካታሊስት መቀባት ብር ማባከን ነው። ፐርኦክሳይዱ አልካላይ ውስጥ አረፋ እያወጣ ስለሚያልቅ ወዲያው ቀላቅለሽ ለኪ። የጨለማውን ከረንትም (ብርሃን ሳይኖር የሚፈሰውን) ከውጤቱ ላይ ቀንሺ፣ አለበለዚያ ያታልልሻል።

የኔ አልተነሳም። ስለዚህ ቅቡን ትቼ ከፌሪክ ክሎራይድና ከሶዲየም ናይትሬት 100 ዲግሪ አካባቢ ናኖ ዘንግ አበቀልኩ። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ ሆሉ በጎን ወጥቶ ውሃ ያገኛል። 550 ዲግሪ ላይ ስጠብሰው ያው ዜሮ አካባቢ። 800 ላይ ለ10 ደቂቃ ሳስገባው ግን ተነሳ። ከኤፍቲኦው ቲን ወደ ሄማታይቱ ሰርጎ ስለሚገባ ኤሌክትሮን በደንብ ይተላለፍበታል። ዋጋው መስታወቱ ነው፤ ይለሰልሳል። ሦስቱ ተጣመውብኝ አንዱ ፈርነሱ ወለል ላይ ተለጥፎ ቀረ። ጠፍጣፋ ሴራሚክ ላይ አድርጊው፣ ሰዓት ይዘሽ ቁሚ።

ከፊትም (በሄማታይቱ በኩል) ከጀርባም (በመስታወቱ በኩል) አብርተሽ ለኪና ግራፎቹን እዚህ ለጥፊያቸው። ከጀርባ የሚበልጥ ከሆነ የሚቸገረው ኤሌክትሮኑ ነው፣ ያኔ ስለ ቲኑ በሰፊው እናወራለን።