«ዳይሬክት ሬንደሪንግ፦ የስ» ብቻውን አይበቃም

የወንድማችን ጥያቄ ይህ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ሊኑክስ ጭኗል። ቪዲዮ ሲከፍት ፋኑ ይጮኻል፣ መስኮት ሲጎትት ይንቀራፈፍበታል። ተርሚናሉን ሲጠይቀው ግን «ዳይሬክት ሬንደሪንግ፦ የስ» ይለዋል። ታዲያ ግራፊክስ ካርዱ እየሠራ ነው ወይስ አይደለም?

ከዚያ መስመር አታውቀውም ወንድሜ። እኔንም ይቺው «የስ» አሳስታኛለች። ካርዱ ደህና ነው ብዬ ስንት ቀን ብራውዘር ስቀያይር ከረምኩ። መስመሩ የሚነግርህ ፕሮግራሙ መስኮቶችን ስክሪኑ ላይ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በኤክስ ሰርቨር በኩል ሳይዞር በቀጥታ እንደሚስል ብቻ ነው። የሚስለው ማን እንደሆነ አይናገርም። ካርዱ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲለፋም መልሱ «የስ» ነው።

ሌላ መስመር ተመልከት። ጂኤልኤክስኢንፎ ብለህ ጻፍ፣ ክፍተት ተው፣ ከዚያ ሰረዝና ትልቁን ቢ አስከትል። ትልቁ ቢ ረጅሙን ዝርዝር ትቶ ዋና ዋናውን ያወጣልሃል። ትዕዛዙ ከሌለህ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሜሳ-ዩቲልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫን። አሁን «ኦፕንጂኤል ሬንደረር ስትሪንግ» የሚለውን ፈልግ። ኦፕንጂኤል ፕሮግራሞች ሥዕል የሚያሠሩበት መንገድ ነው፣ ሬንደረር ደግሞ ሥዕሉን የሚሠራው። የካርድህ ስም ከተጻፈ ደህና ነህ። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ካለ ግን ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። ፋኑ ቢጮኽ አይፈረድበትም።

ይህን ስታደርግ ዴስክቶፑ ፊት ተቀመጥ። በኤስኤስኤች ከሌላ ማሽን ገብተህ ከሆነ መልሱ ሊያሳስትህ ይችላል።

ኤልኤልቪኤምፓይፕ ካገኘህ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰኩትን ካርዶች ወደሚዘረዝረው ትዕዛዝ፣ ወደ ኤልኤስፒሲአይ ሂድ፣ ሰረዝና ትንሿን ኬ ጨምርበት። ካርድህ ከተጠቀሰበት መስመር ሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መኖር አለበት። ከጎኑ ኤኤምዲጂፒዩ፣ አይ915፣ ኑቮ ወይም ኤንቪዲያ ታያለህ። የእኔ ላይ መስመሩ ጭራሽ አልነበረም። ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ፣ ዲስኩ ላይ አለ፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ግን አልያዘውም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ካት በሚለው ትዕዛዝ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሲኤምዲላይን ፋይል ሳነብ ነው፤ ከርነሉ ሲነሳ የተሰጡት ትዕዛዞች እዚያ ይታያሉ። መጨረሻው ላይ «ኖሞድሴት» የሚል ቃል ተቀምጧል። ሊኑክሱን የጫንኩ ቀን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖብኝ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን መርጬ ነበር። ያ ምርጫ ቃሉን ትቶልኝ ሄዷል። ቃሉ እስካለ ድረስ የኤኤምዲ ድራይቨር አይነሳም። ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት ሥር ያለውን የግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ፋይል ከፍቼ ቃሉን አጠፋሁ። በሱዶ አፕዴት-ግራብ አልኩና ሪስታርት አደረግኩ። ሬንደረሩ ላይ የካርዴን ስም ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። የአንተም ይኸው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እዚያ እይ።

ካርድህ ኤንቪዲያ ከሆነና የራሱን ድራይቨር ከጫንክ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሶፍትዌር ፊርማ የሚያጣራውን ሴኪዩር ቡትንም አረጋግጥ። እሱ በርቶ ድራይቨሩ ያልተፈረመ ሞጁል ከሆነ ከርነሉ አይቀበለውም።

ዴስክቶፕ ስለሆነ ደግሞ የስክሪኑን ኬብል ከኋላ እየው። ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ሬንደረሩ የሚያሳይህ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ግራፊክስ እንጂ የገዛኸውን ካርድ ላይሆን ይችላል።

የሚሽከረከሩ ጥርሶች የሚያሳየውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ጂኤልኤክስጊርስን ሞክር የሚሉህ አሉ። ጥርሶቹ ሲሽከረከሩ ማየት ያስደስታል፣ ቁጥሩን ግን መለኪያ አታድርገው። ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር ስለሚታሰር በሰከንድ 60 ምስል አካባቢ ይቆማል። ጥሩ ካርድም ቢሆን እንደዚያው ነው።

ሬንደረሩ ትክክል ሆኖ ቪዲዮ ላይ ብቻ ፋኑ ከጮኸ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቪዲዮ ዲኮድ ማድረግ፣ ማለትም የተጨመቀውን ፋይል ወደ ምስል መፍታት፣ ከኦፕንጂኤል የተለየ ሥራ ነው። እሱን ቪኤኢንፎ በሚለው ትዕዛዝ ታየዋለህ። የምታየው የቪዲዮ ዓይነት፣ ለምሳሌ ኤች264 ወይም ቪፒ9፣ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ብዙ ጊዜ ዲኮዱ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ካለ ደግሞ ቀጥሎ የሚታየው የብራውዘሩ ሴቲንግ ነው።