«አብሪ» ወይስ «ፈኪ»?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ታዮልን (ድኝ ያለበትን የውህድ ዓይነት) በብርሃን ስለሚያሳዩ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ስለ ፍሎረሰንት ፕሮቦች፣ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። ጓደኛዬ «አብሪ መመርመሪያ በለው» አለኝ። ያስኬዳል? ደግሞስ «ታዮል» ነው «ቲዮል»?

መልስ፦ «አብሪ»ን ይተዉት። «ብርሃን እስከሰጠ ድረስ አብሪ ነው» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። አብሪ ትል ብርሃኑን ከገዛ ሰውነቱ ያወጣል። የእርስዎ ፕሮብ ግን ከውጭ ብርሃን ካላገኘ ጨለማ ነው፤ አጭር ሞገድ ተቀብሎ ረዘም ያለውን ይመልሳል።

እኔ «ፈኪ» እላለሁ። እናቱ ገብስ ስትቆላ አጠገቧ የተቀመጠ የጎጃም ልጅ ነገሩ ይገባዋል። ፍሬው ብረት ምጣዱ ላይ ሙቀቱን ከታች ይቀበላል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ከዚያ ጧ ብሎ ሆዱ ይሰነጠቅና ነጩ ይወጣል። «ቆሎው ፈካ» እንላለን። ብዙዎቹ የታዮል ፕሮቦችም ብርሃን ቢያርፍባቸውም እንደታፈኑ ይቆያሉ፤ የታዮሉ ድኝ መጥቶ ሲጣበቅባቸው ወይም አፋኙን ክፍል ሲቆርጥላቸው ይፈካሉ።

«መመርመሪያ» ለቴርሞሜትሩም ለማይክሮስኮፑም ስለሚሆን ሰፍቶብኛል፤ «ጠቋሚ» ይሻላል። ቃሉ ሰው አሳሳሪን ያስታውሳል ብለው የሚሸሹት አሉ። ጠቋሚ ጣትም እኮ አለን!

«ታዮል» ከግሪኩ «ቴዮን» የመጣ ነው፤ ድኝ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሰው በመዝሙር 10 «እሳት ወተይ» የሚለውን ያውቀዋል። «ተይ» በግእዝ ያው ድኝ ነው። የሁለቱ ድምፅ መቀራረብ ልቤን ስለሚወስደው፣ ለእኔ «ቲዮል» ለጆሮም ለሥሩም ይቀርባል።

ነገር ግን መምህራኑ «ታዮል» ካሉ ቆይተዋል። በሕዋስ ውስጥ በብዛት የሚገኘውንም ታዮል «ግሉታታዮን» ይሉታል፤ ያንን «ግሉታቲዮን» አድርጌ ላቃናው ብል የሚከተለኝ የለም። ስለዚህ፣ ባይጥመኝም፣ «ታዮል» ይጻፉ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን።

«ፍሎረሰንት»ም ገበያ ገብቷል። ባለሱቁ «ፍሎረሰንት» ብሎ የሚሸጠው ረጅም አምፖል ሥራው ያው ነው፦ ውስጡ ያለው የሜርኩሪ ተን የማይታይ ጨረር ይለቃል፣ መስታወቱን ከውስጥ የለበሰው ነጭ ዱቄት ያንን ተቀብሎ ይፈካል። እንግዲህ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ፈኪ ጠቋሚ ወይም ፍሎረሰንት ፕሮብ» ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ፈኪ ጠቋሚ» ብቻ ይበቃል።